የጨለማ ልክ

ሰው ብርሃንን መለካት ከጀመረ ብዙ ዘመን ነው። ጥላውን በእግሩ እየሰፈረ ሰዓቱን ቈጠረ፤ የጨረቃን መሙላትና መጉደል እየተከተለ ወሩን ወሰነ፤ በባሕረ ሐሳብ እየተመራም አጽዋማቱንና በዓላቱን በየቀናቸው አቆመ። ጨለማን ለመለካት ግን ያሰበው በቅርብ ዘመን ነው። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም፤ ጨለማ የብርሃን መታጣት እንጂ ራሱን የቻለ ፍጥረት አይደለምና፥ የሌለ ነገር በምን ይለካል? ባዶ ጎተራን በቁና የሚሰፍር ማን አለ?

እነሆ የዋሻ መርማሪዎች ይህን የማይሆን የሚመስለውን ሥራ ይሠሩታል። የቀን ብርሃን በዋሻው ውስጥ እስከ የት እንደሚደርስ፥ ከየት ጀምሮ እንደሚደክም፥ በየትኛውም ስፍራ ፈጽሞ እንደሚያልቅ በመሣሪያ ይለካሉ፤ የጨለማውንም ክፍል ለይተው በካርታ ላይ ያመለክታሉ። ሥራቸው ለሥነ ፍጥረት ጥናት የሚጠቅም መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በጥሞና ለሚመለከተው ሰው ከዚህ ከፍ ያለ ጥያቄ ያነሣል። ሰው ዕውቀቱ የሚያልቅበትን ወሰን ማወቅ ግዴታው ነውን? ከወሰኑ ማዶ ያለውንስ ስፍራ በምን ሊሞላው ይገባል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ነው።

አስቀድመን ነገሩ እንዴት እንደሆነ እናስረዳ። ሊቃውንቱ ዋሻን እንደ ብርሃኑ መጠን በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው የደጁ ክፍል ነው፤ በዚያ የቀን ብርሃን በሙላት ስለሚገባ ሣርና ቅጠል ይበቅልበታል። ሁለተኛው የድንግዝግዝታው ክፍል ነው፤ ብርሃኑ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተንጸባረቀ ደክሞ ይደርስበታልና ሣሩ ቀርቶ በድንጋዩ ላይ የተለጠፈ ስስ አረንጓዴ ሽፋን ብቻ ይታይበታል። ሦስተኛው ጽኑ ጨለማው ነው፤ በዚያ በብርሃን የሚኖር ምንም ተክል የለም። በዚያ የሚገኙት ጥቃቅን እንስሳት የሚመገቡት አብዛኛውን ጊዜ ጎርፍ ይዞት የገባውን ወይም የሌሊት ወፍ የጣለችውን ነው።

ይህን አከፋፈል ያለ መሣሪያ ያወቁ የሚመስሉ አባቶች በአገራችን ነበሩ። በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ሕንፃው የቆመው ከዋሻው አፍ አጠገብ፥ የቀን ብርሃን በሚደርስበት ስፍራ ነው፤ ከሕንፃው በስተኋላ፥ ብርሃኑ እየደከመ በሚሄድበት በኩል ደግሞ የብዙ ሙታን አፅም ተኝቶ ይገኛል። ለሕያዋን ጸሎት ብርሃን ያለበት ስፍራ ደረሰ፤ ለሙታን ዕረፍት ጨለማው ተተወ።

አለካኩም እንዲህ ነው። መርማሪው ከዋሻው አፍ ተነሥቶ በሜትር እየለካ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በየተወሰነው ርቀት ምልክት ያደርጋል፤ በየምልክቱም የብርሃን መለኪያውን አቁሞ ቁጥሩን፥ ሰዓቱን፥ ቀኑንና የሰማዩን ሁኔታ ይጽፋል። የብርሃን መስፈሪያው ሉክስ ይባላል። አንድ ሻማ በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚሰጠው ብርሃን 1 ሉክስ ያህል ነው፤ ሙሉ ጨረቃ በጠራ ሌሊት የምትሰጠው የ1 ሉክስ ሩብ ያህል ነው፤ ለጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ 500 ሉክስ ያህል ይፈለጋል፤ የቀትር ፀሐይ ግን እስከ 100,000 ሉክስ ትደርሳለች። በመጨረሻ መርማሪው እኩል ብርሃን ያላቸውን ስፍራዎች በመስመር ያያይዛቸዋል። የተራራ ከፍታ በካርታ ላይ እንደሚታይ በዚህ አሠራር የጨለማ ጥልቀት ይታያል ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ለክቶ መተው ግን አይበቃም። በጎንደር አገር የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ከአናት ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ በቀሩት ወራት ግን ወደ ደቡብ ናት። ስለዚህ አፉ ወደ ደቡብ የተከፈተ ዋሻ በታኅሣሥ ቀትር ላይ ከሰኔው ይልቅ ወደ ውስጥ ዘልቆ ብርሃን ያገኛል። በታኅሣሥ የለካው ሰው በሰኔ ከለካው ጋር ቢከራከር ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ጥፋቱ ቀኑን ሳይጽፉ ቁጥሩን ብቻ ይዘው መከራከራቸው ነው። ስንት የአደባባይ ክርክር ከዚህ የተለየ አይደለም!

ከዚህ ሥራ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ዓይናችን ታማኝ ዳኛ አለመሆኑን ነው። ከቀትር ፀሐይ ወደ ጽሕፈት ቤት የገባ ሰው ብርሃኑ 200 እጅ እንዳነሰበት አያስተውልም፤ ጥቂት ቆይቶ ወረቀቱን ያነባል። ወደ ዋሻ የገባም ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ቢታገሥ ዓይኑ ጨለማውን እየለመደ ይሄድና አስቀድሞ ያላየውን ድንጋይ ማየት ይጀምራል። ይህ ከፈጣሪ የተሰጠ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ጸጋው አደጋ አለበት። ጨለማን የለመደ ዓይን ጨለማውን ብርሃን ነው ይላል። ባለ ጉዳይ በደጁ ዓመት ሙሉ ሲመላለስ ማየትን የለመደ ሹም፥ ከመማሪያ ክፍሉ ግማሹ ተማሪ ሳይገባው ማለፉን የለመደ መምህር፥ ሁለቱም ሐሰተኞች አይደሉም፤ ዓይናቸው ለምዶ ነው። መለኪያ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። መለኪያ አይለምድም፤ ትናንት 3 ያለውን ዛሬ ስላዘንለት 30 አያደርገውም።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ይጠብቃል። መርማሪው ቁጥሩን ከመመልከቱ በፊት በእጁ የያዘውን መብራት ማጥፋት አለበት። መብራቱን ሳያጠፋ ጨለማን የሚለካ ሰው የሚለካው መብራቱን ነው፤ በሄደበት ሁሉ ብርሃን አገኘሁ ብሎ ይመለሳል። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሲሠሩት ግን ጭንቅ ነው፤ በጥልቅ ዋሻ ውስጥ መብራትን በገዛ እጅ ማጥፋት ድፍረት ይጠይቃልና። የገዛ አሳባችንንም እንዲሁ ለጊዜው አጥፍተን ነገሩን በራሱ ልክ መመልከት ከዚህ የሚያንስ ድፍረት የሚጠይቅ አይደለም። ወደ ገጠር ለምርመራ የሚላክ ሠራተኛ መልሱን አስቀድሞ ጽፎ በኪሱ ይዞ ከወረደ ያገኘው የኪሱን ብርሃን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ስለ ባዶ ቁጥር ነው። መለኪያው 0 ባለ ጊዜ በዚያ ስፍራ ምንም ብርሃን የለም ማለት አይደለም፤ መሣሪያው ሊያይ ከሚችለው በታች ሆነ ማለት ነው። የተሻለ መሣሪያ ቢመጣ ከዚያው ስፍራ ጥቂት ብርሃን ያገኝ ይሆናል። ስለዚህ ታማኝ የሆነ መርማሪ «ብርሃን የለም» ብሎ አይጽፍም፤ «በዚህ መሣሪያ አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በትዕቢተኛና በትሑት ሰው መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ በዚያ ውስጥ አለ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሰው በጽኑ ጨለማ ውስጥ የሚያየው ነገር ነው። የዋሻ ጐብኚዎች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ በፍጹም ጨለማ ውስጥ እጃቸውን በፊታቸው ሲያንቀሳቅሱ እንዳዩት ይናገሩ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በአሜሪካ የሮችስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው ይህን ነገር መርምረው ጥናት አሳተሙ። ብርሃን ፈጽሞ እንዳይገባ ዓይናቸው ከተሸፈነው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የገዛ እጃቸው ሲንቀሳቀስ እንዳዩ ተናገሩ። ውሸታቸውን አልነበረም። አእምሮ የእጅን እንቅስቃሴ ከውስጥ ስለሚያውቀው፥ የሚያውቀውን ነገር ሥዕል አድርጎ ለዓይን ይሰጠዋል። እንግዲህ ሰው በጨለማ ውስጥ ምንም አላየሁም አይልም፤ ከራሱ የወጣውን ያይና ከውጭ የመጣ ይመስለዋል።

ይህን ምሳሌ ከዋሻ አውጥተን ወደ መንደር እንውሰደው። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፥ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ወለቃ የሚባል መንደር ይገኛል። መንደሩ በሸክላ ሥራ የታወቀ ነው። በዚያና በአካባቢው ይኖሩ ከነበሩት ቤተ እስራኤል ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች፥ ወንዶቹ አንጥረኞችና ሸማኔዎች ነበሩ፤ የጎንደርን አብያተ መንግሥት ካነጹት ግንበኞች መካከልም ወገኖቻቸው እንደነበሩበት ይነገራል። የገበሬው ማረሻና ማጭድ ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጣ ነበር፤ የባልቴቲቱም ማሰሮና ምጣድ እንዲሁ። ሆኖም ማረሻውን ተቀብሎ መሬቱን ያረሰበት ሰው፥ ሠሪውን ቡዳ ነው፥ በሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል ይለው ነበር። በማሰሮአቸው ወጥ የሠራችው እናት ልጇ ቢታመምባት ቡዳ በላብኝ ብላ ጣቷን ወደ እነርሱ ትቀስር ነበር።

ለመሆኑ ይህ ከምን የመጣ ነው? በቀን፥ በገበያ፥ በፀሐይ ፊት እነዚህ ሰዎች የታወቁ ነበሩ፤ ዕቃቸው ይመረመር ነበር፤ ዋጋቸው ይጠየቅ ነበር። ሌሊታቸው ግን አልታወቀም። ሁለቱም ወገኖች በየሥርዓታቸው ተለያይተው ስለሚኖሩ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፤ በአንድ ጣራ ሥር አያድሩም ነበር። የአንጥረኛው እሳት በድንግዝግዝታው ክፍል እንደሚታይ ነገር ከሩቅ ይታያል፤ ከእሳቱ ወዲያ ያለው ቤተ ሰብ፥ ጸሎቱና እንቅልፉ ግን ለጐረቤቱ ጽኑ ጨለማ ሆነ። በዚያ ጨለማ ውስጥ ጐረቤቱ ያየው ጅብ ከየት መጣ? ከራሱ ነው። የገዛ ፍርሃቱን፥ በእጅ ለሚሠራ ሥራ ያለውን ንቀት፥ ለልጁ ሞት ምክንያት አጥቶ መጨነቁን አንቀሳቀሰና በሌላው ሰው ደጅ ላይ ቆሞ አየው። እጁን እንዳየው እንደዚያ ሰው ውሸቱን አልነበረም። ነገር ግን አለመዋሸቱ ከበደሉ አያነጻውም፤ መብራት ይዞ ሄዶ ማየት በሚችልበት ስፍራ ሁሉ ሳያይ ፈርዷልና።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ምላሽ አለ። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉና፥ ጊዜ ራሱ ሁሉን ይገልጠዋል፥ መቸኮል አያስፈልግም የሚል ሰው ይኖራል። ምሳሌው እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን ፀሐይ በሚወጣበት ስፍራ ነው። በድንግዝግዝታው ክፍል ያለ ነገር ሲነጋ ይታያል፤ በጽኑ ጨለማው ክፍል ግን ሺህ ጊዜ ቢነጋ አይነጋም። በጐረቤታችን በሶማሊያ ከምድር በታች በሚገኝ ውሃ ውስጥ ዓይን የሌለው ዓሣ አለ፤ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ በጨለማ ውስጥ እንደኖረ ይገመታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በወጣ ጥናት እንደተገለጠው የዚህ ዓሣ ሰውነት የሚቈጥረው ቀን 47 ሰዓት ያህል ነው፤ ብርሃን ቢበራለትም ቈጠራውን አያስተካክልም። በጨለማ ውስጥ የዘመን ብዛት ንጋትን አያመጣም፤ ዓይንን ያጠፋል እንጂ።

የጨለማ ካርታ ትልቁ ጥቅም እንግዲህ ይህ ነው፤ ጊዜ የሚገልጠውን ጨለማና ሰው መብራት ይዞ ካልገባበት የማይገለጠውን ጨለማ ይለያል። የቡዳ ነገር ከሁለተኛው ወገን ነበረ። በየዘመኑ ነጋ፤ እርሱ ግን አልነጋም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ የሚሠራን ሰው በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ትልቅ ብርሃን ነበር፤ ነገር ግን አዋጅ በአደባባይ የሚነገር ስለሆነ የሚያበራው የዋሻውን ደጅ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው መብራት በእያንዳንዱ ሰው እጅ የሚያዝ ነው። ከዚያ በኋላ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 እና በ1985፥ እንደገናም በ1991፥ ቤተ እስራኤል በብዛት ወደ እስራኤል አገር ሄዱ። የሄዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሃይማኖታቸው፥ ረኃቡና ጦርነቱም አለበት። ነገር ግን ጐረቤታቸውን አንድ ሌሊት እንኳ በቅርብ ሳያውቁ የቀሩ ስንት ናቸው? የወለቃ ሸክላ ዛሬም በመንደሩ ስም ይታወቃል፤ ያ ጥያቄ ግን ከሰዎቹ ጋር አልሄደም፤ ከእኛ ጋር ቀርቷል።

ዋሻና ብርሃን ሲነሡ በዚሁ አገር የሚታወሰው ዘርዐ ያዕቆብ ነው። በስሙ የሚጠራው ሐተታ እንደሚተርከው፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከስደት ሸሽቶ በተከዜ አጠገብ በሚገኝ ዋሻ ሁለት ዓመት ያህል ኖረ፤ በኋላም ከጎንደር በስተደቡብ ባለው በእንፍራዝ ተቀመጠ። በዋሻው ሳለ የሠራው ሥራ ከሰዎች የተቀበለውን ሁሉ ፈጣሪ ለሰው በሰጠው የልቡና ብርሃን መመርመር ነበር። የሃይማኖት ወገኖች ሁሉ እውነት በእኛ ዘንድ ብቻ አለች ሲሉ አይቶ፥ የሁሉንም መብራት ለጊዜው አጥፍቶ ልኩን ጠየቀ ማለት ይቻላል። ስለ መጽሐፉ ግን አንድ ነገር መነገር አለበት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1920 ጀምሮ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ሊቅ ደራሲው በ19ኛው መቶ ዓመት በኢትዮጵያ የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ሚሲዮናዊ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ክሎድ ሰምነርን የመሰሉ ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ደግፈዋል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። መጽሐፉን የምንወድ ሰዎች ይህን ስፍራ በካርታችን ላይ የድንግዝግዝታ ክፍል አድርገን ማመልከት ይገባናል። ምርመራን የሚያስተምር መጽሐፍ ሳይመረመር እንዲታመን መፈለግ ትምህርቱን መካድ ነውና።

አሁን ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን አሳብ እንስማ። ጨለማ ሁሉ ክፉ ነውን? እስከ መጨረሻው ጉድጓድ ድረስ ሁሉ ይብራ ልንል ይገባናልን? አይደለም። በባሌ በወይብ ወንዝ ላይ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ ስሙን ያገኘው በውስጡ ከተጠለሉት ከሼህ ሶፍ ዑመር ነው፤ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን መተላለፊያውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 የመጡ የእንግሊዝ አገር መርማሪዎች ለክተውታል። ለተሰደደ ሰው ጨለማ መጠጊያ ነው። እጅግ የበዛ ብርሃንም ያጠፋል። በፈረንሳይ አገር የላስኮ ዋሻ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ሲገኝ በግድግዳው ላይ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የተሣሉ እንስሳት በጨለማው ውስጥ ደኅና ሆነው ቆይተው ነበር። በ1948 ለሕዝብ ተከፍቶ መብራት ገባበት፤ ከጐብኚዎቹ እስትንፋስና ከመብራቱ የተነሣ አረንጓዴ ሽፋን በግድግዳው ላይ ስለበቀለ በ1963 ተዘጋ።

ስለዚህ መለካት ሌላ፥ መግፈፍ ሌላ ነው። መርማሪው ጨለማውን ለክቶ ይወጣል፤ አምፖል ሰቅሎበት አይሄድም። የጐረቤትን ሌሊት ማክበር ማለት ጓዳውን በርብሮ ማየት አይደለም፤ ያላየሁትን አላየሁም ብሎ በዚያ ላይ አለመፍረድ ነው። የቤተ እስራኤል ጐረቤት ጅቡን ላለማየት ወደ ቤታቸው የመግባት ግዴታ አልነበረበትም፤ አላውቅም የሚለውን ቃል መናገር ብቻ ይበቃው ነበር። ይህን አንድ ቃል ባለመናገሩ ብዙ ዘመን በደለ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለናል። ሰው የማያውቀውን ሁሉ ማወቅ ግዴታው አይደለም፤ የማያውቀው ከየት እንደሚጀምር ማወቅ ግን ግዴታው ነው። ከወሰኑ ማዶ ያለውንም ስፍራ በምንም መሙላት አይገባውም፤ ወይ መብራት ይዞ ይገባበታል፥ ወይ ባዶ ይተወዋል። በሥልጣን ላይ ያለ ሰው በፊቱ በተከማቸው መዝገብ ውስጥ የትኛው በምስክር፥ የትኛው በወሬ እንደተጻፈ ለይቶ ያመልክት። መምህር ለተማሪው ከሚሰጠው መልስ ጋር መልሱ የሚያልቅበትን ድንበር ያሳየው። ተማሪም መምህሩ አላውቅም ባለ ጊዜ አይናቀው፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላውን ቃሉን በሙሉ እምነት ሊቀበለው ይችላልና።

በካርታ ላይ ባዶ የተተወ ስፍራ የካርታው ጉድለት አይደለም፤ የካርታ አንሺው ታማኝነት ምስክር ነው። ጨለማን የሚለካ ሰው ጨለማውን ላያጠፋው ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ስፍራ ጅብ አይሥልም።